ነዳጁን ማን በላው?

በአማርኛ "በላ" የሚለውን ቃል ያህል ሰው ላይ ጣጣ የሚያመጣ ቃል ብዙ የለም። "መኪናው ነዳጅ በላ" ስንል ቅሬታ ነው። "ሾፌሩ ነዳጅ በላ" ስንል ግን ክስ ነው። ሁለቱም የሚነሱት ከአንድ ቁጥር ነው፦ መኪናው በሊትር ይሄዳል ከተባለው ያነሰ ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲገኝ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ፒካፕ የነዳጅ ፍጆታ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የሰው እንጀራም ያለበት ስለሆነ መኪና የሌላችሁም ብታነቡት አይከፋኝም።

ሐምሌ 2014 መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር አንድ ሊትር ናፍጣ 50 ብር አልሞላም ነበር። በጥር 2017 ወደ 99 ብር ደረሰ። ከዚያ በኋላ መቶን ተሻገረ። ድሮ ናፍጣ ርካሽ ሳለ በወር ሠላሳ አርባ ሊትር የት እንደገባ ባይታወቅ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ዛሬ ይጠየቃል። መጠየቁ ደግ ነው። ችግሩ ሁልጊዜ የሚጠየቀው መሪውን የጨበጠው ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

እኔ ከ15 ዓመት በላይ የሰው መኪና ነድቻለሁ። አሁን የራሴን አሮጌ ደብል ጋቢና እያከራየሁ ነው የምኖረው። ከማከራየቴ በፊት በመጨረሻ የሠራሁበት፣ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ።

አብረውኝ ከሚሠሩት ሾፌሮች አንዱ በዕድሜ ታላቃችን ነበሩ። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። የሚይዙት ፒካፕ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ተለክቷል ተብሎ በወረቀት ሰፍሯል። በ2017 ጥርና የካቲት 3600 ኪሎ ሜትር ነዱ፤ 480 ሊትር ቀዱ። በልኬቱ ቢሆን 360 ሊትር ነበር የሚበቃው። 120 ሊትር ትርፍ ሆነ። በጊዜው ዋጋ ወደ 12 ሺህ ብር ነው፤ የአንድ ወር ደመወዛቸውን ይበልጣል።

የፋይናንስ ኃላፊው ጠሯቸው። እኔም ወረቀት ላስፈርም ገብቼ ነበርና ሰማሁት።

"ጋሼ፣ ይቺ 120 ሊትር የት ገባች?"

"መኪናው በላው፣ ልጄ።"

"መኪና ደረሰኝ አይፈርምም። የፈረሙት እርስዎ ነዎት።"

ነገሩ በዚሁ አለቀ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ገንዘቡ ከደመወዛቸው በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ጋሼ አንድ ቃል አልመለሱም። ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን አስረክበው ወጡ። ከዚያ በኋላ በጅቡቲ መስመር የሰው ከባድ መኪና ሲነዱ ሰማሁ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሙቀት።

ፒካፑ ለእኔ ተሰጠኝ። የመጀመሪያው ጉዞዬ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና ነበር። ቡታጅራ ሻይ ልጠጣ ስወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አራቱንም ጎማ ዞሬ ቸርኬውን በእጄ ጀርባ ነካሁ። ሦስቱ ለብ ያሉ ናቸው። የኋላው ቀኝ ግን እጅ አያስነካም። በክሪክ አንስቼ ጎማውን በእጄ ላሽከረክር ብሞክር አልዞር አለኝ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ጭቃና ዝገት ጠጥቶ ስለደረቀ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ አልለቅ ብሏል። መኪናው ለወራት አንድ እግሩ ታስሮ ነበር የሚሄደው ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ነዳጅ ባይበላ ነበር የሚገርመው።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ገመዱን አስቀየርኩ። የአራቱንም ጎማ ንፋስ በጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ አስለካሁ። ሁለቱ ጎድሎባቸው ነበር። ከዚያ በዚያው መስመር፣ በዚያው ጭነት፣ ስድስት ሳምንት እየመዘገብኩ ነዳሁ። በሊትር 7.5 የነበረው 8.6 ሆነ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሊትር 8.6 ከሆነ 3600 ኪሎ ሜትር የሚፈልገው 419 ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ ጋሼ ከተከሰሱበት 120 ሊትር ውስጥ 61ዱን የበላው የተያዘ ፍሬንና ንፋሱ የጎደለ ጎማ ነው።

ሁለተኛው በላተኛ ደግሞ ማንም ያልጠረጠረው ነው። ከዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ ለመኪናው ጎማ ሲገዛ በገበያ የተገኘውን ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ነው የገዛው። ቁመቱ ከድሮው በ5 በመቶ ይበልጣል። ጎማ ሲተልቅ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው በድሮው ጎማ ዙር ነው። ስለዚህ መኪናው 105 ሲሄድ ቆጣሪው 100 ይላል። ያ በወረቀት 3600 የተባለው መንገድ በእውነቱ 3780 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህ ብቻውን የ18 ሊትር ልዩነት ነው። ነዳጁ አልተሰረቀም፤ የተሰረቀው ኪሎ ሜትሩ ነው፣ እሱንም የሰረቀው ጎማ ነው።

ቀሪው 41 ሊትርስ? እሱን ለመረዳት ያ "በሊትር 10" የተባለው ልኬት ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ልኬቱ የተሠራው መኪናው አዲስ ሳለ፣ ባዶውን፣ በአዳማ አስፋልት ነው። ጋሼ የሚነዱት ግን ጭነት ይዘው፣ ግማሹን በፒስታ፣ ገጠር ለገጠር ነው። ይህ ሰውን በሜዳ ሩጫ ሰዓት ለክቶ ኩንታል አሸክሞ ዳገት ካስወጡት በኋላ "ለምን ዘገየህ?" እንደማለት ነው።

ዳገት ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን ፒካፕ 1000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ መንገዱን ለመጓዝ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ፣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ ከ2 ሊትር በላይ ናፍጣ ያቃጥላል። ጎጃም የሄደ ሰው ዓባይ በረሃን ያውቀዋል። ከድልድዩ እስከ ደጀን የሚወጣው ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ያንን ነዳጅ የትኛውም ጎበዝ ሾፌር አያስቀረውም። ተራራውን ደግሞ ደብዳቤ ጽፎ ማስጠንቀቅ አይቻልም።

ቆሞ መጠበቅም አለ። የናፍጣ ፒካፕ ሞተሩ ተነስቶ ሲቆም በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ አየር ማቀዝቀዣው ከተከፈተ ይጨምራል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንበል። በ22 የሥራ ቀን ከ11 እስከ 22 ሊትር ነው። ሞተሩን አስነስቶ የሚያስጠብቀው ማነው? ብዙ ጊዜ "አሁን መጣሁ፣ እንዳታጠፋው" ብሎ ስብሰባ የሚገባው ኃላፊ ነው። ደረሰኙ ላይ ግን የሚፈርመው ሾፌሩ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለአስተዳደር አስገባሁ። ከብዙ ምልልስ በኋላ የተቆረጠባቸው ገንዘብ ተመለሰላቸው። ደብዳቤው ግን ከፋይላቸው እንዳልወጣ ነው የማውቀው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የአንድ ሰው ስም በደረቀ የፍሬን ገመድ ምክንያት ሲጎድፍ ማየት ደስ አይልም።

አሁን "ታዲያ ሾፌር አይሰርቅም ወይ?" የምትሉኝ አላችሁ። ይሰርቃል። በቱቦ የሚመጥ አለ፣ ደረሰኝ የሚያስጨምር አለ፣ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ነዳጅ ሁሉ ከሰማይ አልወረደም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ሌባውን ከሐቀኛው የሚለየው ቁጣ ሳይሆን ትክክለኛ ልኬት ነው። የመኪናው ፍሬን መያዙና አለመያዙ በማይታወቅበት ቤት ሌባው በመኪናው ያሳብባል፣ ሐቀኛው ደግሞ የመኪናውን ዕዳ ይከፍላል። ሳይለኩ መክሰስ የሚጠቅመው ሌባውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ፒካፕ ያላችሁ፣ ወይም የሰው ፒካፕ የምትነዱ፣ ከዚህ ጀምሩ።

መጀመሪያ ለኩ። ታንኩን ሙሉ ቅዱ፤ መቅጃው ራሱ "ጠቅ" ብሎ ሲያቆም በቃ በሉ፣ "ትንሽ ጨምርበት" አትበሉ። የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። እንደ ልማዳችሁ ንዱ። ቢቻል በዚያው ማደያ እንደገና ሙሉ ቅዱ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር አሁን በቀዳችሁት ሊትር አካፍሉ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ሦስት አራት ጊዜ አድርጋችሁ አማካዩን ያዙ። ነዳጅ በስልክ መክፈል ግዴታ ከሆነበት ከ2015 ወዲህ ቀኑና ገንዘቡ ስልካችሁ ላይ ይቀራል፤ እናንተ የምትጨምሩት ቆጣሪውን ብቻ ነው። እኔ መንገዱንና ጭነቱንም አጠገቡ እጽፋለሁ፦ "አስፋልት ባዶ"፣ "ፒስታ 6 ኩንታል"። ከጊዜ በኋላ ይህ ደብተር ከማንኛውም መካኒክ በላይ ስለ መኪናችሁ ይነግራችኋል። ቁጥሩ በአንድ ሳምንት ዝቅ ካለ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ ፈልጉት።

ጎማ አትናቁ። ትክክለኛው ንፋስ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፤ ለባዶና ለጭነት ይለያያል። ጎሚስታው በእርግጫ መትቶ "ደህና ነው" ቢላችሁ አትቀበሉት፤ በመለኪያ ይለካ። ጎማ ከቀየራችሁ ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ስሌታችሁን አስተካክሉ።

ከረጅም መንገድ በኋላ ቸርኬ መንካት ልማድ ይሁንላችሁ። አንዱ ከሌላው ተለይቶ ከጋለ ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው። ይህ ከነዳጅም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። የፊት ጎማ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ያላቸው አሮጌ ባለ አራት እግር ፒካፖችን የምትነዱ ደግሞ ከጭቃ ስትወጡ መልሳችሁ መፍታት አትርሱ። ተቆልፎ ከቀረ በአስፋልት ላይ ያለ ሥራ የሚሽከረከር ብረት እየጎተታችሁ ነው የምትሄዱት።

ፍጥነት ውድ ነው። ፒካፕ ሰፊ ደረት ያለው መኪና ነው፤ ንፋስን የሚገፋው እንደ በር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። የራሴ መኪና ባለ ቱርቦ 2500 ሲሲ ሃይሉክስ ነው። በአዳማ ፈጣን መንገድ ደርሶ መልስ ለክቼዋለሁ። በ110 ስሄድ በሊትር 9.1፣ በ85 ስሄድ 11.3 ሰጠኝ። በ160 ኪሎ ሜትር ላይ የ3.4 ሊትር ልዩነት ነው። በ110 መሄዴ ያተረፈልኝ 26 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ሁላችሁም 26 ደቂቃችሁ ከ340 ብር በላይ ያወጣ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። አንዳንድ ቀን ያወጣል። አብዛኛውን ቀን ግን ቀድመን ደርሰን ቡና ነው የምንጠጣው።

ሸክም አራግፉ። ፖርቶ መጋላው ዕቃ ካልተጫነበት ይውረድ፤ ባዶውንም ቢሆን ንፋስ ይይዛል። ከኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚዞረውን ሰንሰለት፣ የተበላሸ ጎማ፣ ከግንባታ የተረፈ ብረት አውጡት። የኋላ መዝጊያውን አውርዶ መንዳት ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉም አሉ። በንፋስ መሞከሪያ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። መዝጊያው ሲዘጋ በሳጥኑ ውስጥ የሚሽከረከር አየር ይፈጠርና የሚመጣው ንፋስ በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል። ሲወርድ ያ ትራስ ይፈርሳል። ዝጉትና ንዱ።

ጭሱን አንብቡ። ከማርሚታ የሚወጣ ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጃችሁ ነው፤ ብራችሁ ነው በአየር ላይ የሚበተነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች አየሯ ከጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር እዚህ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚያ ላይ የአየር ፊልትሮው በፒስታ አቧራ ከታፈነ፣ ወይም ፖምፓው ነዳጅ እንዲያበዛ ከተደረገ፣ ጭሱ ይጠቁራል። ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ፤ ካልሆነ ኢንጀክተሩንና ፖምፓውን ለሚያውቅ ባለሙያ አሳዩ።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ አታድርጉ። ይህን በቁም ነገር ነው የምለው። "ሞተሩ ካልሠራ ነዳጅ አይበላም" ብለው ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ የሚለቁ ሾፌሮች አውቃለሁ። ስሌቱ ራሱ የተሳሳተ ነው። በማርሽ ላይ ሆናችሁ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ስትለቁ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ ይቆረጣል። ዜሮ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ሙሉ ክብደቱ ደግሞ በፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬን ይግላል፣ ይከዳል። ዓባይ በረሃ ወገብ ላይ ፍሬን ሲከዳ ምን እንደሚሆን የሚያውቁ ከገደሉ በታች ናቸው።

በጠርሙስና በማግኔት የሚሸጥ ተአምር አትግዙ። ነዳጅ መስመር ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ታንክ ውስጥ የሚጣል ክኒን፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ መብራት የሚያበራ ሳጥን ሁሉ በየገበያው አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን በጉልህ የሚቀንስ አላገኘም። በዚያ ብር ጥሩ የንፋስ መለኪያ ግዙ፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላችኋል።

በመጨረሻ የምናገረው ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ነው። ለአንድ መኪና አንድ ልኬት አይበቃም። ለአስፋልት፣ ለፒስታ፣ ለባዶና ለጭነት የተለያየ ቁጥር ይኑራችሁ። ልኬቱን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ወዲያው አድሱት። ሲለካ ሾፌሩ ይኑር፣ ይፈርም። ቆማችሁ ያስጠበቃችሁበትን ሰዓትም መዝግቡ። ቁጥሩ ጎድሎ ስታገኙት የመጀመሪያው ወረቀት የጋራዥ መላኪያ ይሁን። መኪናው ተፈትሾ ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔ ሰውየውን ጥሩ፤ ያኔ የያዛችሁት ማስረጃ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የግማሽ ቀን ሥራና አንድ ክሪክ ነው።

ነዳጅ በዚህ ዋጋ የማይጠየቅ ነገር አይደለም። ግን "ማን በላው?" ብላችሁ ስትጠይቁ በዝርዝሩ ላይ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ዳገቱን፣ ንፋሱንና ስብሰባውንም ጻፉ። ሰውየውን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

የእናንተ መኪና በሊትር ስንት ይሄዳል? ለክታችሁ ከሆነ መንገዱንና ጭነቱን ጨምራችሁ ከታች ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። ሳትለኩ "10 ይሄዳል" የምትሉ ግን መጀመሪያ ሙሉ ቅዱና ተመለሱ።

መልካም መንገድ።